መኪናዬን ከስር ገብቶ አይቶ እውነቱን ለነገረኝ የማርቆስ መካኒክ

ደብረ ማርቆስ የሚሠራ አንድ መካኒክ አለ። «ስሜን እንዳትጽፊ» ብሎ ስለለመነኝ አልጠራውም። ቦታውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ወዲያው እነግራችኋለሁ።

ባለፈው ጥር ለአስተርዮ ማርያም ቤተሰቡን በቶዮታ ኖህ ጭኜ ወደ ባለቤቴ እናት አገር እየሄድኩ ነበር። እስከ አማኑኤል አስፋልት ነው። ከዚያ ወደ ገጠሩ ሲታጠፉ ግን ክረምት ላይ አይሱዙ ያረሰው ዋልካ ደርቆ ጠንክሮ ይጠብቃል። ጎማው በሁለቱ ቦይ ሲገባ የመሃሉ ጉብታ ከመኪናው ሆድ ጋር ይገናኛል። ቀስ ብዬ ነው የምነዳው፤ ጉብታው ውስጥ የተቀበረውን ድንጋይ ግን አላየሁትም። ኳ! አለ። ትንሽ እንደሄድን ቀዩ የዘይት መብራት በራ፣ ሞተሩን አጠፋሁት። ጎንበስ ብዬ ሳይ የሞተር ዘይቱ እንደ ተሰነጠቀ ጋን አፈሩ ላይ ይንጠባጠባል። ልጆቹ በእግራቸው አያታቸው ቤት ሄዱ፣ እኔ በአይሱዙ ተጎትቼ ተመለስኩ። መብራቱን አይቼ ባላጠፋው ኖሮ ያለ ዘይት ሲሽከረከር ሞተሩ ይነክስ ነበር።

የሞተር ዘይት ቋቱን ካስበየድኩ በኋላ አንድ ጋራዥ «ድንጋይ እንዳይመታው ሆዱን ሙሉ በላሜራ እንሸፍንልሽ» አለኝ። ከስር ገብቶ ያየ ሰው አልነበረም፤ ዋጋ ብቻ ነገሩኝ። ልቤ አልተቀበለውም። ከዚያ ነው ሰው ወደዚህ መካኒክ የመራኝ።

«እታለም፣ ብረቱን እሠራልሻለሁ፤ መጀመሪያ የት የት እንደምትነጂ ንገሪኝ» አለኝ። ነገርኩት። «እንግዲያው ቅዳሜ ቤተሰብሽን ሁሉ ይዘሽ ነይ።» ሰባት ሆነን ሄድን፣ 50 ኪሎ ጤፍም ከኋላ ጫንን። እሱ ሜትር ይዞ ከስር ተኛ። ባዶውን ከመሬት 16 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይል የነበረው የሆዱ ዝቅተኛ ቦታ ሰው ሲሞላ 11 ሆነ። የኋላ ሞላው ደክሞ ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ያስቀየረኝ ሞላውን ነው፣ ምክንያቱም ብረቱ ራሱ ከፍታ ይበላል። ደካማ ሞላ ላይ ብረት መጫን መኪናውን ይበልጥ ማዋረድ ነው።

ከፋብሪካው ከሞተሩ ስር ተገጥሞ የመጣውን ጥቁር ፕላስቲክ በእጁ አጥፎ አሳየኝ። ጭቃና ውሃ ይመልሳል እንጂ ድንጋይ አይችልም። ከ2001 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠራው ኖህ ሞተሩ ከፊት ስለሆነ የዘይት ቋቱና ካምቢዮው እዚያው ከፊት ጎማዎቹ አካባቢ ተጋልጠዋል፤ ድንጋዩም መጀመሪያ የሚያገኘው እነሱን ነው። የሠራልኝም ለእነሱ ብቻ ነው፦ 3 ሚሊ ሜትር ላሜራ፣ ክብደቱ 10 ኪሎ ገደማ። የፊቱን ጠርዝ ወደ ላይ አጠፈው፣ ድንጋይ ሲያገኝ እንዲንሸራተት እንጂ እንደ ማረሻ መሬት እንዳይነክስ። ሞተሩን በተሸከመው ወፍራም ብረት ላይ በአራት ብሎን አሰረው፤ ከቋቱም ከፓራውርቱም ጋር አላያያዘውም። ዘይት የሚቀየርበትን ቀዳዳ ከፈተ፣ ሙቀት እንዲወጣም ሌሎች ቀዳዳዎች በሳ። የማርሚታውን መስመር ክፍት ተወው። «እዚያ ላይ ብረት ከዘጋሁ ገለባ ይሰበሰባል፣ ጢሱ የሚወጣበት ቧንቧ ደግሞ ይግላል» አለኝ። በመውቂያ ወቅት መንገድ ላይ የተሰጣ ገለባ ላይ ካለፍኩ ወርጄ ከስር እንድመለከት አስጠነቀቀኝ። ዋልካ ሲጠራቀምም በውሃ እንዳጥበው። ከሁለት ሳምንት በኋላ አስጠርቶ ብሎኖቹን በነጻ አጠበቀልኝ።

ይበልጥ ያስደነቀኝን ልንገራችሁ። የእህቴ ባል የእኔን አይቶ እሱም ሄደ። እሱ መኪናውን ከማርቆስ ባሕር ዳር በአስፋልት ከመመላለስ በቀር ወደ ገጠር አያወጣም። መካኒኩ ከስር ገብቶ አየለትና «ጋሼ፣ ለእርስዎ አያስፈልግም፤ ገንዘብዎን ለጎማ ያድርጉት» ብሎ መለሰው። አንድ ብር አልተቀበለውም። ሁለት ሰዓት ሙሉ የሥራ ቀኑን ለሰው እውነት ለመንገር የሚሰጥ ባለሙያ ስንቶቻችን አግኝተናል?

ሰኔ መጨረሻ ላይ በዚያው መንገድ ሄድኩ። እንደገና ኳ አለ። ልቤ ደነገጠ፣ ወርጄ ጎንበስ አልኩ። ብረቱ ላይ አንድ ስንዝር የሚሆን ጭረት አለ፤ ቋቱ ደረቅ ነው። አማቴ ዘንድ ስደርስ ጭረቱን በጣታቸው ዳስሰው «ማን ነው የሠራልሽ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «እጁን ቁርጥማት አይንካው» አሉ።

ስመለስ ምርቃቱን አድርሼለታለሁ።