ስኩዌር ዌቭ ጄኔሬተር ለመሥራት የትኛው አይሲ ይሻላል?

ደሴና ኮምቦልቻ ላላችሁ ሬዲዮ ጠጋኞችና የኤሌክትሮኒክስ ተማሪዎች ነው የምጽፈው። ስኩዌር ዌቭ ማለት ቮልቴጁ ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ በድንገት የሚዘልና የሚመለስ ሞገድ ነው። አይሲውን (ቺፑን) ከአዲስ አበባ የምታስልኩ ከሆነ፣ የማይሆን መግዛት ብርም ቀንም ይበላል። ሻጭ ብዙ ጊዜ የሚያወራው ስለ ፍሪኩዌንሲ ነው። እናንተ ሎድ (ከመውጫው ከረንት የሚወስድ ዕቃ) ሲገባበት ስንት ቮልት እንደሚቀር ጠይቁ።

ተገጣጥሞ የሚሸጠው የኤክስአር2206 ኪት ያምራል። ሳይን ሞገድም ይሰጣል፣ እስከ 1 ሜጋኸርዝ ይደርሳል። ስኩዌር ዌቩ ግን ደካማ ነው። ስኩዌር ዌቩ የሚወጣበት ፒን 11 ወደ ታች ብቻ ነው የሚስበው፤ ወደ ላይ የሚያወጣው ሬዚስተር ነው። ሬዚስተሩ 1 ኪሎ ኦም ቢሆን እንኳ፣ በ50 ኦም ሎድ ከ12 ቮልት 0.6 አይተርፍም። ለዚህ ሥራ አትግዙት።

555 ጠንካራ ነው። ባይፖላሩ ኤንኢ555 እስከ 200 ሚሊአምፔር ይሰጣል። ጣሪያው 16 ቮልት ስለሆነ መብራት ሲጠፋ ከ12 ቮልት የሶላር ባትሪ በቀጥታ ይሠራል። ጉድለቱ በ5 ቮልት ሲሠራ ውጤቱ ወደ 3.3 ቮልት መውረዱ ነው። ቲኤልሲ555 ባትሪ ይቆጥባል፤ ነገር ግን ወደ ላይ የሚሰጠው 10 ሚሊአምፔር ገደማ ብቻ ነው። ሁለቱ ስማቸው ስለሚመሳሰል ስታዙ ሙሉውን ቁጥር ጻፉ።

እኔ የምመርጠው 74ኤሲ14ን ነው። በውስጡ ስድስት ኢንቨርተር (የሶላሩ ሳይሆን ሲግናል የሚገለብጥ) አለ። አንዱን በሬዚስተርና በካፓሲተር ኦሲሌተር (ሞገዱን የሚያመነጭ) አድርጉት። የአምስቱን መግቢያ አንድ ላይ አገናኙና ከኦሲሌተሩ መውጫ ላይ ስጧቸው። በየመውጫቸው 240 ኦም አስገብታችሁ አንድ ላይ ብታስሯቸው፣ ጠቅላላው ወደ 50 ኦም ይሆናል፤ ለ50 ኦም ኮአክሲያል ገመድ የሚስማማው ይኸው ነው። ጠርዙ በጣም ፈጣን ስለሆነ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ከአይሲው እግር ሥር መግባት አለበት። ሽቦ አታስረዝሙ፤ ብሬድቦርድ ላይ ሞገዱ ይንቀጠቀጣል፣ በብየዳ ሥሩት። ጣሪያው 6 ቮልት ነው፤ የሶላሩን 12 ቮልት ወደ 5 ቮልት በሚያወርደው በ7805 አሳልፉት። ፓወር ባንክም የሚሆን ይመስላል፣ ግን ብዙዎቹ የሚወስዱት ከረንት ትንሽ ሲሆን ራሳቸው ይጠፋሉ።

ሪሌ ወይም ኤልኢዲ ለመንዳት ብቻ ከሆነ ኤንኢ555 ይበቃል። አምፕሊፋየርና ገመድ ለመፈተሽ 74ኤሲ14ን ያዙ። ሠርታችሁ ስትጨርሱ መውጫው ላይ ሁለት 100 ኦም ሬዚስተር በፓራለል አድርጉና ኦሲሎስኮፕ ላይ እዩት። ቮልቴጁ በግማሽ ከወረደ መውጫችሁ 50 ኦም ነው።