ከዘጠኝ ወር በኋላ፦ የባት ማሳጅ ማሽኑና እረፍት ያጡት እግሮቼ

ማታ 4 ሰዓት ላይ፣ ልጆቹ ተኝተው ቤቱ ጸጥ ሲል፣ የእኔ እግሮች ይነቃሉ። ሕመም እንዳልለው አያምም። ቁርጥማት እንዳልለው መገጣጠሚያዬ ላይ አይደለም። ባቴ ውስጥ፣ ከሥጋው በታች፣ ጉንዳን ተሰልፎ የሚሄድ ይመስለኛል። ሳወዛውዘው ይለቀኛል። ጋደም ስል ተመልሶ ይመጣል። ሳሎን ውስጥ ስንጎራደድ ሌሊት 8 ሰዓት ያለፈብኝን ቀን ቆጥሬ አልጨርሰውም። ጠዋት ደግሞ ሁለት ተኩል ላይ ቢሮ መገኘት አለብኝ።

ይህን የምጽፈው ዘጠኝ ወር ሙሉ ስለተጠቀምኩበት የባት ማሳጅ ማሽን ነው። ገና በሳምንቱ ብጽፍ ኖሮ «ግዙ፣ ትገላገላላችሁ» ብዬ እጨርሰው ነበር። ዘጠኝ ወር ግን ብዙ ነገር አሳየኝ። ማሽኑን ዛሬም እወደዋለሁ። እንቅልፌን የመለሰልኝ ግን እሱ ብቻ አይደለም። ዋናውም እሱ አይደለም።

መጀመሪያ ስለ ችግሩ ትንሽ ልበል። ሐኪሞች «ሬስትለስ ሌግስ ሲንድሮም» ይሉታል፤ እረፍት ያጣ እግር እንደማለት ነው። የዊሊስ-ኤክቦም በሽታም ይባላል። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ በ1672 እ.ኤ.አ. ጽፎበታል። ስዊድናዊው ካርል-አክሰል ኤክቦም ደግሞ በ1945 በደንብ አጥንቶ አሳተመው። ይህን ሳነብ እንባዬ መጣ። ለዓመታት «ጭንቀት ነው»፣ «ድካም ነው» ስባል ኖሬያለሁ። ለካ ከ300 ዓመት በፊት የተጻፈለት ነገር ነው።

መለያው ግልጽ ነው። እግርን አንቀሳቅሽ አንቀሳቅሽ የሚል ግፊት ይመጣል። የሚጀምረው ቁጭ ሲሉ ወይም ሲተኙ ነው። ሲንቀሳቀሱ ይሻላል። ከቀኑ ይልቅ ማታው ይብሳል። እኔ ማኅሌት ቆሜ ሳድር አንድም ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም። በአውቶቡስ ከደሴ ስመለስ ግን ደብረ ብርሃን ሳልደርስ እግሬን የማደርግበት ይጠፋኛል።

እማዬም አለባት። ልጅ ሆኜ፣ ማታ ማታ ሁለቱን ባቶቿን በመቀነት ጥብቅ አድርጋ ስትጠመጥም አያት ነበር። «ይወረኛል» ነበር የምትለው። ሌላ ስም አልነበረውም። ነገሩ በቤተሰብ የሚወረስ መሆኑን ያወቅኩት ቆይቼ፣ የእኔው እግር ሲጀምረኝ ነው።

ወደ ማሽኑ ልመለስ። እህቴ የምትኖረው ሜሪላንድ ነው። ባለፈው ጥቅምት ስትመጣ ይዛልኝ መጣች። 85 ዶላር አውጥታበታለች። ለሁለቱ ባቶች ሁለት መጠቅለያ አለው፤ ውስጣቸው የአየር ከረጢት ነው። በእጅ የምትያዝ ትንሽ መቆጣጠሪያ በቱቦ አየር ትልክላቸዋለች። ከቁርጭምጭሚት ይጀምርና ወደ ጉልበት እየጨመቀ ይወጣል፣ ከዚያ ለቀቅ ያደርጋል። ሦስት የግፊት ደረጃ አለው። ያሞቃልም። 20 ደቂቃ ሲሞላ በራሱ ይጠፋል።

የመጀመሪያው ቀን ጥሩ አልነበረም። አብሮት የመጣው አዳፕተር ለአሜሪካው 120 ቮልት ብቻ የተሠራ ነበር። የእኛ መብራት 220 ነው። እንደሰካሁት የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝና ዝም አለ። ደግነቱ የተቃጠለው አዳፕተሩ ብቻ ነው። ማሽኑ ራሱ የሚሠራው በ12 ቮልት ስለሆነ መርካቶ ሄጄ ሌላ አዳፕተር ገዛሁለት። ከአሜሪካ የሚላክላችሁ ከሆነ፣ ከመሰካታችሁ በፊት አዳፕተሩ ላይ «100-240» የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። ከሌለ አትሰኩት።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት የተጠቀምኩበት በስህተት ሰዓት ነው። እግሬ ሲጀምረኝ ጠብቄ፣ አልጋ ላይ ሆኜ አስረው ነበር። እየጨመቀኝ ሳለ ደህና ነኝ። ሲጠፋ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጉንዳኑ ይመለሳል። ተስፋ ልቆርጥ ስል አንድ በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ጥናት አገኘሁ። በ35 ሰዎች ላይ የተሠራ ትንሽ ጥናት ነው። እንዲህ ዓይነት በአየር የሚጨምቅ መሣሪያ ለአንድ ወር አስረው ነበር። የተወሰኑት የታሰረላቸው በቂ ግፊት የማይሰጥ የማስመሰያ መሣሪያ ነው። በእውነተኛው የታሰሩት ከሌሎቹ የበለጠ ተሻላቸው። እኔን ያነቃኝ ግን አጠቃቀማቸው ነው። በቀን ቢያንስ አንድ ሰዓት፣ ያውም ስሜቱ ከመምጣቱ በፊት ነው የሚያስሩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰዓቴን ቀየርኩ። ማታ ሁለት ተኩል ላይ፣ እግሬ ገና ሰላም ሳለ፣ ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ አስረዋለሁ። 20 ደቂቃው ሲያልቅ እንደገና እጫነዋለሁ፤ ሦስት ዙር። ግፊቱን ሁለተኛው ላይ አደርገዋለሁ። ሦስተኛው ለእኔ ይበዛል፤ ጣቶቼን ያደነዝዛቸዋል። ለውጡ በአንድ ሳምንት ውስጥ ታየኝ። ድሮ በሳምንት አምስት ስድስት ሌሊት ነበር የምነሳው። ወደ ሦስት ወረደልኝ። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እቃው ራሱ እንዴት ቆየ? መካከለኛ ነው። በአምስተኛው ወር ተጣባቂው ማሰሪያ መያዝ አቃተው። ሰፈር ውስጥ ያለ ልብስ ሰፊ አዲስ ሰፋልኝ፤ እስካሁን ደህና ነው። በሰባተኛው ወር የግራው ቱቦ ከመጋጠሚያው አየር ማስወጣት ጀመረ። በፕላስተር አስሬዋለሁ። ድምፁ ኡኡታ አይደለም፤ ግን አጠገቤ ሰው ተኝቶ አልከፍተውም። ሙቀቱ ብዙም አይደለም፤ ለብ ከማለት አያልፍም። ትልቁ ጉድለቱ ባትሪ የለውም። መብራት በሄደ ማታ ማሽኑ ዕቃ ነው።

መብራት በሚጠፋበት ማታ ነው የእጅ ማሸት ዋጋ የገባኝ። ባለቤቴ በሻማ ብርሃን ባቴን ማሸት ጀመረ። ትንሽ የሰሊጥ ዘይት ለብ አድርጎ እጁን ይቀባል። ከቁርጭምጭሚት ወደ ላይ፣ በሁለት አውራ ጣቱ ቀስ እያለ ይገፋል። ለእያንዳንዱ እግር አሥር ደቂቃ ይበቃል። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ከማሽኑ ይሻላል። እጅ የትኛው ቦታ እንደሚያስፈልገው ይሰማዋል። ማሽን አይሰማውም። ግን ባለቤቴም ሠርቶ ደክሞት ነው የሚገባው። በየማታው አንድ ሰዓት እሸኝ ማለት አልችልም። ማሽኑ የሚጠቅመኝ እዚህ ላይ ነው። ማንንም ሳላስቸግር በራሴ ሰዓት እጠቀምበታለሁ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። ማሸት ማለት መደቆስ አይደለም። አንድ ጊዜ ወጌሻ ጋ ሄጄ ነበር። ጎበዝ ሰው ናቸው ተብሎ ነው። ባቴን እንደ ወለምታ አሹት። ለአራት ቀን በልዞ ነበር፤ ማታው ደግሞ ባሰብኝ። ይህ የጡንቻ ወይም የአጥንት ችግር አይደለም፤ የነርቭ ሥርዓት ነገር ነው። ለስላሳ እጅ ነው የሚፈልገው።

ሌሎች የቤት ውስጥ ነገሮችንም ሞክሬያለሁ። ከመኝታ በፊት እግርን ሙቅ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ይረዳኛል። ጨው ጨመርኩበት አልጨመርኩበት ልዩነት አላየሁም። አንዳንድ ሰው ቀዝቃዛው ይሻለዋል፤ እኔን አልሆነኝም። ግድግዳ ተደግፎ ባትን መሳብ፣ ለእያንዳንዱ እግር ግማሽ ደቂቃ፣ ቀላልና ጥሩ ነው። የማግኒዥየም ክኒን ሁለት ወር ወስጄ ምንም አልተሰማኝም። ያልጠበቅኩት መድኃኒት ዳንቴል ነው። ቴሌቪዥን ሳይ እግሬ ይነሳል። ዳንቴል ስሠራ፣ ጥልፉን እየቆጠርኩ ልቤ እዚያ ሲሆን፣ ይተወኛል። ጭንቅላትን የሚይዝ ሥራ ስሜቱን እንደሚያስታግስ ሐኪሞችም ይናገራሉ።

ቡና ደግሞ ከበደኝ። 10 ሰዓት ላይ ከጎረቤት ጋር አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለን ነው የምንጠጣው። ካፌይን ስሜቱን ሊያባብስ እንደሚችል ሳነብ ለሁለት ሳምንት ከሰዓት በኋላ ያለውን ቡና ተውኩ። ልዩነቱን በግልጽ አየሁት። አሁን ቡናዬን ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ቢሮ እጠጣለሁ። ከሰዓት ከጎረቤቶቼ ጋር ቁጭ ብዬ የጦስኝ ሻይ እጠጣለሁ። መጀመሪያ ቅር አላቸው፤ አሁን ለምደውታል። ቢራና ጠጅም ለእኔ እንዲሁ ናቸው። ለአንድ ሰዓት ያስተኙኝና ሌሊቱን ያሳጡኛል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በአራተኛው ወር አንዲት የነርቭ ሐኪም ጋ ሄድኩ። የመጀመሪያ ጥያቄዋ ስለ እግሬ አልነበረም። «የወር አበባሽ ይበዛል?» አለችኝ። ይበዛል። ከዚያ ፌሪቲን የሚባል የደም ምርመራ አዘዘችልኝ። ፌሪቲን በሰውነት ውስጥ የተጠራቀመውን ብረት የሚያሳይ ነው። ከዚህ በፊት ሌላ ክሊኒክ ውስጥ ሄሞግሎቢኔን ለክተው «ደም ማነስ የለብሽም» ብለው ልከውኝ ነበር። እውነት ነው፣ ደም ማነስ አልነበረብኝም። ግን ጎተራው ባዶ ሊሆን ነበር። ፌሪቲኔ 18 ወጣ። የላብራቶሪው ወረቀት ላይ ኖርማል ይላል። ሐኪሟ ግን እግሩ እንዲህ ለሚሆን ሰው 75 እና ከዚያ በታች ከሆነ ብረት ይሰጣል አለችኝ። አንጎል ዶፓሚን የሚባለውን፣ እንቅስቃሴን ለመቆጣጠር የሚጠቀምበትን ኬሚካል ለመሥራት ብረት ያስፈልገዋል። እዚያ ሲያንስ እግር እረፍት ያጣል።

የብረት ክኒን ቀን እየዘለልኩ፣ በባዶ ሆዴ፣ ከብርቱካን ጭማቂ ጋር እንድወስድ አዘዘችኝ። ቫይታሚን ሲ ብረቱ እንዲገባ ይረዳል። ሻይና ቡና ደግሞ ይከለክሉታል፤ ስለዚህ ከምግብ ጋር አያይዤ መጠጣት ተውኩ። ሆድ ያደርቃል፣ ሰገራንም ያጠቁራል፤ አትደንግጡ። ጤፍ ብረት አለው እየተባልን ነው ያደግነው። አለውም። ግን ከእህልና ከቅጠል የሚገኘው ብረት ከሥጋው ያነሰ ነው የሚገባው። በዐቢይ ጾም ምስሬና ጎመኔ ላይ ሎሚ መጭመቅ ለመድኩ።

ብረቱ እንደ ማሽኑ ወዲያው አይታይም። የመጀመሪያው ወር ምንም የለም። በሁለተኛው ወር መጨረሻ ላይ አንድ ጠዋት ነቅቼ ሌሊቱን አለመነሳቴን አስተዋልኩ። አልጋው ላይ ቁጭ ብዬ እግሮቼን አየኋቸው። ብረቱን በጀመርኩ በአምስተኛው ወር እንደገና ስመረመር ፌሪቲኔ 61 ደርሷል። አሁን በወር ሁለት ወይም ሦስት መጥፎ ማታ አለኝ። በእነዚያ ማታዎች ማሽኑ ይበቃኛል።

እባካችሁ ብረት ሳትመረመሩ አትጀምሩ። ሲበዛ ጉዳት አለው። ክኒኑንም ልጆች የማይደርሱበት አስቀምጡ፤ ለሕፃን በጣም አደገኛ ነው። የምትወስዱትን መድኃኒትም ለሐኪም አሳዩ። እንቅልፍ የሚያመጡ አንዳንድ የአለርጂና የጉንፋን መድኃኒቶች፣ ማስታወክን ለማስቆም የሚሰጠው ፕላሲል፣ አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶችም ያባብሱታል። በራሳችሁ ግን አታቋርጡ። እርጉዞች ላይ፣ በተለይ በመጨረሻዎቹ ወራት፣ ብዙ ጊዜ ይታያል፤ የኩላሊት ሕመምተኞችም ላይ እንዲሁ። ለእነሱ ከእኔ ምክር የሐኪማቸው ይቀድማል።

ማሽኑን መጠቀም የሌለባቸውም አሉ። አንድ እግሩ ብቻ ያበጠ፣ የሞቀና የሚያመው ሰው ደም ረግቶበት ሊሆን ይችላል፤ ማሰርም ማሸትም የለበትም፣ ሐኪም ቤት ይሂድ። እግሩ ላይ ቁስል ያለበትም እንዲሁ። ስኳር ኖሮበት እግሩ የደነዘዘ ሰው ሙቀቱ ሲያቃጥለው አይሰማውም።

እንደገና እገዛዋለሁ? አዎ፣ ባትሪ ያለውን። ግን 85 ዶላሩን ከማውጣቴ በፊት ፌሪቲኔን እመረመር ነበር።

እማዬ ባለፈው ሳምንት ከደሴ መጥታ ነበር። ማታ ሁለት ተኩል ላይ ጎኔ አስቀምጬ ማሽኑን ባቷ ላይ አሰርኩላት። መጨመቅ ሲጀምር ዓይኗን ጨፈነች። ቆይታ «መቀነቴ እኮ ነው» አለችኝ። ስንት ዓመት ስትጠመጥመው እንደኖረች ጠየቅኳት። እኔን ከመውለዷ በፊት ነው የጀመረችው። አንድም ሰው ደሟን ለክቶላት አያውቅም። ማክሰኞ ጠዋት፣ ቁርስ ሳትበላ፣ ይዣት እሄዳለሁ።