ልጄን ላሳክም ሄጄ እኔን ላከሙኝ ሲስተር

ይህን ምስጋና ለመጻፍ ሦስት ወር ፈጅቶብኛል። ስንፍናም አለበት። ግን በዋናነት የላብራቶሪ ውጤቴን እየጠበቅኩ ነበር። ትናንት መጣልኝ። አየር ጤና፣ ጀሞ፣ ዓለም ባንክ አካባቢ ያላችሁ፣ በተለይ ስኳር ያለባችሁ እናቶች፣ ጥቆማም አድርጋችሁ ውሰዱት።

የማመሰግናቸው ወደ አየር ጤና አካባቢ ባለ የመንግስት ጤና ጣቢያ፣ የስኳርና የግፊት ክትትል ክፍል የሚሰሩ ነርስ ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም። «ምስጋናውን ለፈጣሪ አድርጊው፣ ስሜን ግን እንዳታወጪ» ብለው አስምለውኛል። ሁላችንም «ሲስተር» ነው የምንላቸው። እዚያ ግቢ ብዙ ሲስተሮች አሉ። ግን ዝም ብሎ «ሲስተር የት ናቸው?» ያለ ሰው ወደ እሳቸው በር ነው የሚመራው።

እኔ ከ19 ዓመቴ ጀምሮ ስኳር አለብኝ። ዓይነት አንድ የሚባለው፣ ያለ ኢንሱሊን የማይኖርበት። አሁን 33 ዓመቴ ነው። አንድ ወንድ ልጅ አለኝ። ማሙሽ እንበለው። ስድስት ዓመት ከሰባት ወሩ ነው፣ አንደኛ ክፍል ገብቷል።

ስኳር ያለባት እናት ልጇን ስታይ ዓይኗ ሌላ ነው። የሰው ልጅ ውሃ ሲጠጣ ጠማው ይባላል። የእኔ ሲጠጣ ብርጭቆ እቆጥራለሁ። ከሳ ሲሉኝ ሌሊቱን አልተኛም። ማሙሽ ደግሞ ገና ሲወለድ ነው ያስደነገጠኝ። 4 ኪሎ ከ400 ነበር። ዘመድ «እንዴት ያለ ደንዳና ልጅ!» እያለ እልል ሲል፣ ሐኪሞቹ ስኳሩ ወርዷል ብለው ወደ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ወሰዱት። ሁለት ቀን እዚያ ቆየ። ያን ጊዜ ማንም ቁጭ ብሎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። እኔም በሽታዬን አወረስኩት ብዬ ደመደምኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ሆዴ ውስጥ ይዤ ኖሬያለሁ።

እንግዲህ ትምህርት ተከፍቶ ጥቅምት ላይ፣ ማሙሽ አልጋው ላይ መሽናት ጀመረ። ከሦስት ዓመቱ ወዲህ ሸንቶ አያውቅም። ማታ ማታ ደግሞ ውሃ አይጠግብም። ኩባያውን አንስቶ ግጥም ያደርገዋል፣ ይደግማል። እናቴ «እሳት ሲነካካ ውሎ ነው» አለች። አክስቴ ጸበል አለች። አንዲት ጓደኛዬ አብሽ ዘፍዝፈሽ በባዶ ሆዱ አጠጪው አለችኝ። አጠጣሁት። ግማሹን ቀሚሴ ላይ ተፋው።

አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድኩት። ስለ ራሴ ስናገር ሰውየው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየን «እናትየው ካለባት ከልጁም አይቀር፣ በሚቀጥለው ሳምንት ምግብ ሳይበላ አምጪው» አለኝ። የካርድ ከፍዬ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ስጽፍ አፍራለሁ። ልጄን በራሴ ማሽን መለካት ጀመርኩ። ጠዋት፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ፣ ማታ። አንዳንዴም ተኝቶ። 92፣ 101፣ 88 ይላል፣ እኔ ግን አላምንም። ዳቦ ቀነስኩበት። ማርና ሙዝ ከለከልኩት። ጣቱን ከብርድ ልብሱ ውስጥ ሲደብቅብኝ እየጎተትኩ እወጋው ነበር። አንድ ሐሙስ ማታ ማሽኑ 286 አለ። መሬቱ ዞረብኝ። ሌሊቱን ትንፋሹን እያዳመጥኩ አደርኩ። እሱ ደግሞ ድብን ብሎ ተኝቷል።

በማግስቱ የግፊት ክትትል ያላቸው ጎረቤቴ ናቸው እጄን ይዘው ሲስተር ጋ ያደረሱኝ።

ክፍሉ ጠባብ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ የግፊት መለኪያ፣ የተከመረ ካርድ። ሲስተር ሃምሳ ዓመት አለፍ ያሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚፈልጉት ዓይነት ሴት ናቸው። እያለቀስኩ 286ቱን አሳየኋቸው። ምንም ሳይሉ ማሙሽን ወደ ቧንቧው ወሰዱት። እጁን በሳሙና አሳጠቡት፣ አደረቁት፣ ወጉት። 94።

«ማታ ከመለካትሽ በፊት ምን በላ?»

አሰብኩ። ማንጎ። አያቱ ደብቃ ሰጥታው፣ ጣቱን እየላሰ ነበር የያዝኩት። በ14 ዓመት የስኳር ኑሮዬ፣ የፍራፍሬ ጭማቂ የነካው ጣት ማሽኑን ሊያሳስት እንደሚችል እኔ አላውቅም ነበር። ወይም አውቄ ረስቼዋለሁ። ድንጋጤ ያስረሳል።

ግን በዚህ አላቆሙም። ሽንቱ ተመረመረ። ስኳር የለም፣ ኪቶን (ኢንሱሊን ሲያጥር ሰውነት ስብ እያቃጠለ የሚያወጣው አሲድ) የለም፣ ኢንፌክሽንም የለም። ክሊኒኩ ሳምንት ጠብቂ እንዳለኝ ስነግራቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ። ይህን ሁላችሁም ስሙ። ከዚህ በፊት የማይሸና ልጅ እንደገና መሽናት ከጀመረ፣ ውሃ ከበዛበትና ከከሳ፣ የዚያኑ ቀን ስኳሩ ይለካል። ቀጠሮ የለውም፣ ጾም ማደርም አያስፈልገውም። ዓይነት አንድ ልጅ ላይ ሲመጣ በቀናት ውስጥ ሊብስ ይችላል። ማስታወክ ከጨመረ፣ በረጅሙ መተንፈስ ከጀመረ፣ አፉ የበሰለ ፍራፍሬ ከሸተተ በቀጥታ ሆስፒታል ነው። «መምጣትሽ ልክ ነው። 286ቱ እውነት ቢሆን ኖሮ አሁን አምቡላንስ ውስጥ ነበርሽ» አሉኝ።

ታዲያ ለምን ይሸናል?

ሲስተር አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። «የውሃ ኮዳው ከትምህርት ቤት ሲመለስ እንዴት ነው?»

ሙሉ ነው። ሁልጊዜ ሙሉ ነው። በየቀኑ ማታ እኔው ነኝ የምደፋው። አንድም ቀን አላሰብኩበትም።

ከዚያ እኔን ትተው ከማሙሽ ጋር ማውራት ጀመሩ። ከወንበራቸው ወርደው፣ ቁመቱ ጋ ቁጢጥ ብለው። ልጄ ለእኔ ያልነገረኝን ነገራቸው። የትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት በሩ አይዘጋም። ትልልቆቹ ልጆች እየከፈቱ ይስቃሉ። ስለዚህ ውሃ አይጠጣም፣ ሽንቱንም ሰገራውንም ቤት እስኪመጣ ይይዘዋል። ማታ ጥሙን ሊወጣ ውሃውን ይገለብጠዋል። ጤና መኮንኑ ተጠርቶ ሆዱን በእጁ ዳሰሰው። የከረመ የሆድ ድርቀት ነው አለ። የደረቀ ሰገራ ፊኛውን ሲጫነው ልጅ ሌሊት ላይ ሽንቱን መያዝ ያቅተዋል። መድኃኒቱ ሽሮፕ፣ ቀን ቀን ውሃ፣ ፓፓያና ጎመን፣ ከምግብ በኋላ አሥር ደቂቃ መጸዳጃ ቤት መቀመጥ ነበር። እና መምህርቷን ማነጋገር። አነጋገርኳት፣ ደግ ሴት ናት፣ የሠራተኞቹን ሽንት ቤት ፈቀደችለት። በወር ከምናምን አልጋው ደረቀ።

እዚህ ላይ ተመስገን ብዬ ልሄድ ተነስቼ ነበር። ሲስተር ማሽኔን አልመለሱልኝም። ውስጡ ያስቀመጠውን ቁጥር አንድ በአንድ ወደ ኋላ እየተጫኑ ያያሉ።

«ይሄ የማነው?» «የማሙሽ።» «ይሄስ?» «የእሱ።» «ይሄኛው?»

ሃምሳ ፍሬ ያለው የስትሪፕ (ደም ነክቶ ማሽኑ ውስጥ የሚገባው መለኪያ) ዕቃ በሙሉ ልጁ ላይ አልቋል። ስትሪፕ ስንት እንደገባ የምትገዙ ታውቃላችሁ። የራሴን የለካሁት አንድም ቀን አልነበረም። ኢንሱሊኔን እወጋለሁ፣ ግን በግምት። የሆስፒታል ቀጠሮዬን ካቆምኩ ዓመት አልፎኛል።

«ልጅሽ ደህና ነው» አሉኝ። «አንቺ ነሽ የታመምሽው።»

ሆድሽን አሳዪ አሉኝ። ከእምብርቴ በስተግራ በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉ። እብጠት አለ፣ ለስላሳ፣ የማያም። እኔ ውፍረት ይመስለኝ ነበር። ለዓመታት እዚያው ቦታ እየወጋሁ የሠራሁት ነው። የማያም ስለሆነ ነው የምመርጠውም። እዚያ የገባ ኢንሱሊን በወጉ አይሠራም። አንድ ቀን ይዘገያል፣ ሌላ ቀን በአንዴ ይለቃል። «ስኳሬ ዝም ብሎ ይወጣል ይወርዳል» እያልኩ የማማርረው ነገር ግማሹ መልሱ እዚያ ነበር። ሆዴን በእስክሪብቶ አራት ቦታ ከፈሉልኝና በየሳምንቱ አንዱን ተጠቀሚ አሉኝ። እብጠቱን ለወራት እንዳልነካው ከለከሉኝ። ቦታ ስትቀይሪ የለመድሽው የኢንሱሊን መጠን ሊበዛብሽ ይችላል፣ ቶሎ ቶሎ ተለኪ ብለው አስጠነቀቁኝ። እውነታቸውን ነው፣ በመጀመሪያው ሳምንት ስኳሬ ሁለቴ ወረደብኝ።

የሦስት ወሩን የስኳር ምርመራ ውጭ አሠርቼ አመጣሁ። 10.2። ልጄን ስጠብቅ እኔ ልወድቅ ነበር ማለት ነው።

ስለ ልደቱም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። የእናት ስኳር በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ፅንሱ ያልፋል፣ ኢንሱሊኗ ግን አያልፍም። ስለዚህ ልጁ የራሱን ኢንሱሊን በብዛት ያመርታል፣ ይወፍራልም። እትብቱ ሲቆረጥ የእናት ስኳር ይቋረጣል፣ ኢንሱሊኑ ግን ለተወሰነ ሰዓት ይቀራል። «ድግሱ አልቆ አስተናጋጆቹ ሳህን ማንሳት እንዳላቆሙ ቁጠሪው» አሉኝ። ስኳሩ የወረደው ለዚህ ነው። ልጁ ስኳር አለበት ማለት አይደለም። ስድስት ዓመት የተሸከምኩትን በአምስት ደቂቃ አወረዱልኝ።

«መውረሱስ?» አልኳቸው። ዓይነት አንድ ካለባት እናት ከሚወለዱ 100 ልጆች ከ1 እስከ 4 የሚሆኑት ናቸው የሚይዛቸው አሉኝ። «አንድ አንበሳ አውቶቡስ በእናንተ ልጆች ሙዪው። አብዛኞቹ በሰላም ይወርዳሉ።» አውቶቡሱ ውስጥ ያሉት አራቱ አሁንም ያስፈሩኛል፣ አልዋሽም። ግን ብርጭቆ መቁጠር ትቻለሁ። ምልክቱን አውቃለሁ፣ ምልክት ከሌለ አልወጋውም።

አሁን ለምትሄዱ። ካርድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ አውጡ፣ ሰኞ ግን ባትሄዱ ይሻላል፣ ወረፋው ሌላ ነው። የጤና መድን ካላችሁ ደብተራችሁን አትርሱ። ማሽናችሁንና መርፌያችሁን ይዛችሁ ግቡ፣ ሁሉንም ያያሉ። ኢንሱሊን ከመድኃኒት ክፍሉ አንዳንዴ ይጠፋል። ሲስተር አይዋሹም፣ «ዛሬ የለም፣ እዚያ ሞክሪ» ይላሉ። ፍሪጅ ለሌላቸው እርጥብ አሸዋ ባለው ሸክላ እንዴት እንደሚቀመጥም ሲያሳዩ አይቻለሁ። አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፣ ይቆጣሉ። ለስላሳ ጠጥታ «አልጠጣሁም» ያለች አንዲት ሴትዮ ፊቴ ላይ ተዋርዳለች። የለሰለሰ አንደበት የምትፈልጉ ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልጉ። በውስጥ መስመር ለጻፈልኝ ጤና ጣቢያው የትኛው እንደሆነ እነግራለሁ።

ትናንት የመጣው ውጤቴ 7.9 ነው። ሲስተር አይተው «ገና ነሽ» አሉኝ። ሁለተኛ ልጅ እንደማስብ ስለነገርኳቸው፣ ከማርገዜ በፊት ከ6.5 በታች እንዲሆን ይፈልጋሉ። ፎሊክ አሲድ የሚባለውን ቫይታሚንም ቀድሜ እንድጀምር። ቢሆንም ወረቀቱን ሲመልሱልኝ ፈገግ ብለዋል፣ አይቻቸዋለሁ።

ለማሙሽም የሰጡት ሥራ አለ። እናትህ ላብ ካላባትና ከተንቀጠቀጠች ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ፣ ከዚያ የግድግዳውን ሰዓት እያየህ ጠብቅ፣ ትልቁ ዘንግ ሦስት ቁጥሮች እስኪያልፍ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ መሆኑ ነው። ካልነቃችልህ ግን አፏ ውስጥ ምንም አታስገባ፣ ሮጠህ ጎረቤት ጥራ። ሰዓት ማንበብ ገና አይችልም፣ ሦስት መቁጠር ግን ይችላል።

ባለፈው እሁድ ቡና እየቆላሁ እጄ ተንቀጠቀጠ። ተለካሁ፣ 61። «እማዬ፣ ላብሽ!» ብሎ የስኳሩን ዕቃ ከነክዳኑ ተሸክሞ መጣ። ግማሹ ምንጣፍ ላይ ፈሰሰ። ጠጣሁ። እሱ ሰዓቱ ስር ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ ቡናው አረረ። ዘንጉ ሦስት ሲያልፍ «አሁን!» አለ። ማሽኑን አንስቼ ጣቴን ልወጋ ስል እጄን ያዘኝ።

«መጀመሪያ ታጠቢ» አለኝ። «ስኳር ነክተሻል።»