ወተት የምታቀነባብሩ ሁሉ፣ ይህን ቴክኒሻን ጥሩት

ሰላም የባሕር ዳር ሰዎች። ዛሬ ከልቤ የማመሰግነው ሰው አለኝ።

ትንሽ የወተት ማቀነባበሪያ አለን። ወተቱን በከተማው ዙሪያ ካሉ ገበሬዎች እንሰበስባለን፤ በ72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ አሙቀን እናሽጋለን። ሙቀቱ ከወረደ ቫልቩ ወተቱን ወደ ኋላ መመለስ አለበት። ቫልቩን የሚያዘው ሙቀት የሚለካው ሴንሰር ነው።

አንዳንድ ቀን ግን የታሸገው ወተት በማግስቱ ይበላሽብን ነበር። መጀመሪያ የመጣው ባለሙያ ሴንሰሩን በረዶ ውስጥና የፈላ ውሃ ውስጥ ከተተው። 0 እና 94 አነበበ። እዚህ ከፍታችን ላይ ውሃ የሚፈላው በ94 አካባቢ ስለሆነ ትክክል ነው። “ምንም የለውም” ብሎ ሄደ።

ይሄ ልጅ ግን ሰዓት ይዞ መጣ። ሴንሰሩን አውጥቶ 20 ዲግሪ ውሃ ውስጥ አቆየው፤ ከዚያ እየተማሰለ ባለ የ70 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ድንገት ነከረው። ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ተክሎ 51.6 እስኪል ጠበቀ። ለምን እዚያ ላይ? ብዬ ጠየቅኩት። የሴንሰር ፍጥነት የሚለካው የለውጡን 63.2 በመቶ እስኪደርስ በሚፈጀው ጊዜ ነው አለኝ። 6 ሰከንድ። ጤነኛ ነው።

ከዚያ ቦታው ላይ መልሶ ገጠመው። በመስመሩ ቀዝቃዛ ውሃ እየሄደ ሳለ ድንገት ወደ ሙቅ ቀየረው። 41 ሰከንድ! ያው ሴንሰር! ሆዴ ባባ። ሴንሰሩ እስኪነቃ ስንት ወተት አልፎ ታሽጓል?

ጥፋቱ የተገኘው ሴንሰሩ የሚገባበት የብረት ኪስ ውስጥ ነው። ቀጭን ሽቦ ሰዶ ለካው። የሴንሰሩ ጫፍ ታች አይደርስም፤ መሃሉ አየር ነው። አየር ደግሞ ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም። ኪሱን ጠረገ፣ ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ጨመረበት፣ ጫፉ ታች እስኪነካ በስፕሪንግ ገፍቶ አሰረው። እንደገና ሲለካ 11 ሰከንድ ሆነ።

እኔ ደስ ብሎኝ ላቅፈው ስል “11 ሰከንድም ለእናንተ ሥራ ገና ብዙ ነው” አለኝ። ቀጭን ኪስ እንድናዝ ነገረን፤ እስኪመጣ ሙቀቱን ወደ 75 አሳደግነው። በዚህ ነው በጣም ያከበርኩት። ብሩን ተቀብሎ ዝም ብሎ መሄድ ይችል ነበር።

ዋጋውን ሥራ ሳይጀምር ነው የነገረን፤ አልጨመረም። የለካውን ሁሉ ቀን ጽፎ በወረቀት ሰጠን።

ጫጩት የምታስፈለፍሉ፣ የጣና ዓሣ በማቀዝቀዣ የምትይዙም ጥሩት። ወተት ላይ ያላችሁ ሁዳዴ ሳያልቅ ይሁን፤ ፋሲካ ከገባ መስመር ማቆም ይከብዳል። ስልኩን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ፈቅዶልኛል።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ!