ኤልኢዲ ወይስ ሃሎጅን? የአሮጌ መኪና የፊት መብራት

አሮጌ ኮሮላ ወይም ቪትዝ ላይ ነጭ የኤልኢዲ አምፖል ሲገጠም ግድግዳ ላይ ያምራል። ቅሬታው የሚመጣው ከከተማ ሲወጣ ነው። መኪናው ሥር ያለው አስፋልት ቦግ ይላል፤ ራቅ ያለው ግን ጨለማ ነው።

የእነዚህ መኪኖች መብራት የተሠራው ለሃሎጅን፣ ማለትም ሽቦው ግሎ ለሚያበራው አምፖል ነው። የሃሎጅኗ ቀጭን ሽቦ ዙሪያዋን ታበራለች፤ ከኋላዋ ያለው አንጸባራቂ ያንን ሰብስቦ መንገድ ላይ ይጥለዋል። የብርሃኑ መነሻ በሚሊሜትር እንኳ ቦታውን ከሳተ ጨረሩ ይበተናል። ኤልኢዲው ደግሞ የሚያበራው በሁለት ጎን ከተለጠፉ ቺፖች ነው። አንጸባራቂው በዚህ ትክክለኛ ጨረር ማውጣት ይቸግረዋል። የተበተነው ብርሃን ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ያጥበረብራል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፤ በመንገዱ ዳር በእግሩ የሚሄድ ሰው አለ።

ጭጋግ ላይ ልዩነቱ ይብሳል። እንደ ጣርማ በር ባለ ጭጋጋማ ተራራ ላይ ወደ ላይ የሚበተን ብርሃን ተመልሶ የራስን ዓይን ነው የሚመታው። ወደ 3200 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) የሚጠጋው የሃሎጅን ቢጫማ ብርሃን፣ ከ6000 ኬልቪኑ ሰማያዊ ቀመስ ነጭ ይልቅ ለዓይን ይለሰልሳል።

ኤልኢዲ ኤሌክትሪክ ይቆጥባል፤ ጥሩው ዕድሜውም ረጅም ነው። ርካሹ ግን ሲግል ይደበዝዛል። ከፋብሪካ ኤልኢዲ ይዞ የመጣ መኪና ሌላ ጉዳይ ነው፤ አንጸባራቂውም ሆነ ሌንሱ ለእሱ ተብሎ ተሠርቷል።

ለአሮጌ መኪና እኔ ሃሎጅንን እመርጣለሁ። መጀመሪያ ቢጫ የሆነውን የመብራት ሽፋን ያስወልውሉ። ቀጥሎ 60/55 ዋት (ለረጅሙ 60፣ ለአጭሩ 55) ጥሩ ኤች4 የሚባለውን የሃሎጅን አምፖል ያስገቡ፣ የጨረሩን ከፍታም ያስተካክሉ።