ኦክላንድ ካላችሁ ክሪኤቲቭ ግሮውዝን እዩት

ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ያላችሁ ሐበሾች፣ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ምሳ ስትበሉ 24ኛ መንገድ ያለውን ክሪኤቲቭ ግሮውዝ ሳታዩ እንዳትመለሱ። እ.ኤ.አ. በ1974 የተመሠረተ፣ አካል ጉዳተኞች ጥበብ የሚሠሩበት ስቱዲዮ ነው። እዚያው ጋለሪ አለው፣ ሥራቸውም ይሸጣል።

እኔን የማረከችኝ እዚያ ትሠራ የነበረችው ጁዲት ስኮት ናት። ዳውን ሲንድረም ነበረባት፣ መስማትም መናገርም አትችልም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ 35 ዓመት ገደማ ማቆያ ተቋም ውስጥ ከኖረች በኋላ መንትያ እህቷ አውጥታ፣ በ1987 እዚህ አስገባቻት። መጀመሪያ ሥዕል ሞከረች፣ ብዙም አልሳባት። ክር ስትይዝ ግን በቃ፣ ማን ይመልሳት! ወንበሩንም የገበያ ጋሪውንም በክርና በጨርቅ እየጠቀለለች፣ እየቋጠረች፣ ውስጡ ያለው ዕቃ እስኪጠፋ ትሸፍነዋለች፤ አንዱ ሥራ ወራት ሊፈጅ ይችላል። እንዲህ አድርጊ ያላት የለም። መቼ እንዳለቀ የምትወስነውም ራሷ ነበረች።

በ2005 አረፈች። ብሩክሊን ሙዚየም በ2014 ለብቻዋ ትልቅ ኤግዚቢሽን ከፍቶላታል፣ ይገባታል!

ብዙ ሥራዎቿ አሁን ሙዚየም ገብተዋል፣ ስለዚህ እዚህ ላታገኟቸው ትችላላችሁ። ቢሆንም ሂዱ። በተለይ አካል ጉዳት ያለበት ልጅ የምታሳድጉ ወላጆች፣ ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ።