ጥቁሩ የፕላስቲክ ፖት በድሬዳዋ ፀሐይ፣ ከ9 ወር በኋላ

ስለነዚህ ትልልቅ ጥቁር የፕላስቲክ የአበባ ፖቶች ልጽፍ ካሰብኩ ቆይቻለሁ፣ ሰኔ ላይ ጀምሬው ነበር ግን በጣም ተናድጄ ስለነበር ተውኩት። አሁን ጥቅምት ገባ፣ ከገዛኋቸው 9 ወር ሞላ፣ ንዴቱ ግን እስካሁን አልወጣልኝም። ስለዚህ ድሬ ላይ ወይም እንደ ድሬ ሙቀት ያለበት ቦታ ሆናችሁ ጓሮዬን በፖት ላልማ ብላችሁ የምታስቡ ካላችሁ ሳትገዙ በፊት ይሄን አንብቡልኝ።

የገዛሁት ጥር ላይ ነው። 12 ፍሬ፣ እያንዳንዱ 40 ሊትር የሚይዝ፣ አንዱ በ650 ብር፣ ከባጃጁ ጋር 8,000 ብር ገደማ ወጣብኝ። ለእኔ ቀላል ብር አይደለም። ግን እኔ ተወልጄ ያደግኩት ከዚራ ሰፈር ነው፣ አባቴ ምድር ባቡር ነበር የሚሰራው፣ ከዚራ ደግሞ ታውቁታላችሁ መንገዱ ሁሉ ዛፍ ነው፣ ቀትር ላይ እንኳን ጥላ ጥላውን ይዘህ ቤትህ ትደርሳለህ። ትዳር ይዤ የወጣሁት ወደ መልካ ጀብዱ በሚወስደው በኩል ነው። ግቢው ሰፊ ነው፣ እግዜር ይመስገን፣ ግን ጠጠርና አሸዋ ነው፣ ላዩ ላይ ግንበኞቹ ጥለውት የሄዱት የሲሚንቶ ፍርስራሽ አለ፣ ዶማ ስታሳርፍበት ድንጋይ እንደመታህ ይጮሃል። ሦስት ዓመት ሙሉ ከአንዲት ኒም በስተቀር ምንም አልያዘልኝም። መሬቱ ካልሆነ ከመሬት በላይ እተክላለሁ ብዬ ነው ፖት ፍለጋ የወጣሁት።

ሻጩ ያለኝን አሁንም ቃል በቃል አስታውሳለሁ። እኔ መጀመሪያ ሸክላ ነበር የጠየቅኩት። "ሸክላ ውሃሽን ይጠጣብሻል፣ ደሞ ይሰበራል፣ ይሄ ግን ጠብታ አያባክንም፣ ፀሐይም አይሰነጥቀውም፣ ዕድሜ ልክሽን ነው" አለኝ። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣለት ሰው "ጠብታ አያባክንም" ሲባል እንዴት እንደሚሰማ አስቡት፣ እዛው ከፈልኩ።

አፈሩን ራሴ ነው ያዘጋጀሁት፣ ሁለት እጅ ደለል፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ የፍየል ፍግ፣ ፍጉ ከሦስት ወር በላይ የከረመ ነው ምክንያቱም ትኩስ ፍግ ችግኝ ያቃጥላል። የፖቱ ቀዳዳ ከታች ሦስት ብቻ ስለነበር በጋለ ብረት እየበሳሁ ስምንት አደረስኩት። ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ቃሪያ፣ በሶብላ፣ ቲማቲም ተከልኩ። ጥርና የካቲት ሁሉም ጥሩ ነበር፣ ሰላጣ ገበያ ሄጄ አልገዛሁም፣ ስለሱ ብዙ የምለው የለም።

አንዱን ፖት ግን ለሎሚ ነው የተውኩት። እናቴ ከዚራ ግቢዋ ውስጥ ካለው ሎሚ ፍሬውን ዘርታ ሁለት ዓመት ያሳደገችው ችግኝ ነው፣ "አዲሱ ቤትሽ ይሽተት" ብላ በእጇ ይዛ መጥታ ነው የሰጠችኝ።

ሚያዝያ ላይ ነገሩ ተለወጠ። ቀትር ላይ ቅጠሉ ሁሉ ጥውልግ ይላል፣ አፈሩን ስነካው ግን እርጥብ ነው። እኔ ምን አደረግኩ፣ ውሃ ጠማው ብዬ ጨመርኩ። ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ፣ በቀን ሦስቴ። ለልጆቹ ገላ መታጠቢያ ያጠራቀምኩትን የበርሜል ውሃ ሳይቀር ወስጄ አጠጣሁ። ባጠጣሁ ቁጥር ይባስ ይጠወልጋል። ግንቦት አጋማሽ ቃሪያው ቆሞ ደረቀ፣ ሰኔ 10 አካባቢ ሎሚው ቅጠሉን አራገፈ። በሳምንቱ ነቀልኩት። ሥሩን ሳየው ግማሹ፣ ወደ ቤቱ የዞረው ጎን ነጭና ጤነኛ ነው፣ በሰሜን ምዕራብ በኩል ያለው ግማሽ ግን ቡናማ ሆኖ ሙክክ ብሏል፣ ስይዘው ልጣጩ እጄ ላይ ቀረ፣ ይሸታል። በሽታ ቢሆን አንድ ጎን መርጦ አይገባም እኮ።

ጎረቤታችን የኬሚስትሪ መምህር ነው፣ የላብራቶሪ ቴርሞሜትር አዋሰኝ። የአየሩ ሙቀት 36 በሆነበት ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ አፈሩ ውስጥ ሰካሁት። መሀሉ ላይ 41 አለ። ፀሐይ ወደሚመታው ጎን፣ ከፕላስቲኩ ሁለት ጣት ገባ ብሎ 48። አርባ ስምንት! መሳሳቴ ነው ብዬ ሌሎቹን አንድ በአንድ ለካሁ፣ ሁሉም ያው ነው። የብዙ አትክልት ሥር 38፣ 40 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ማደጉን ያቆማል፣ ከዛ በላይ ከቆየ ይሞታል። ጥቁር ፕላስቲክ ፀሐይ ላይ ሲውል ውስጡ ያለው አፈር ከ50 ዲግሪ ሊያልፍ እንደሚችል ያነበብኩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ለካ እኔ በየቀኑ ሦስቴ እያጠጣሁ የእናቴን ሎሚ እየቀቀልኩት ነበር፣ ምክንያቱም ፕላስቲኩ አይተነፍስም፣ ውሃው በጎን የሚወጣበት የለም፣ እዛው ተኝቶ ይግላል።

ታዲያ ጥርና የካቲት ለምን ደህና ነበር ብዬ ብዙ አሰብኩ፣ መልሱ ፀሐይዋ ናት። ፖቶቹን የደረደርኩት በቤቱ ሰሜን ምሥራቅ ጥግ ነው። ጥር ላይ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ጠዋት ትንሽ ፀሐይ ካገኙ በኋላ የቤቱ ጥላ ቀኑን ሙሉ ይሸፍናቸው ነበር። ድሬ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ላይ ስለሆነች ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ፀሐይ አናታችን ላይ ትሆንና ወደ ሰሜን ታልፋለች፣ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ድረስ በዛው በኩል ናት። ማለት በዓመቱ በጣም ሞቃት በሆነው ጊዜ በሰሜን በኩል ያለ ነገር ሁሉ ከጠዋት እስከ ማታ ይመታል፣ ግድግዳው ደግሞ ሙቀቱን መልሶ ይተፋበታል። ይሄን በተወለድኩበት ከተማ አላስተዋልኩትም ነበር፣ ዛፍ ስር ያደገ ሰው ፀሐይ በየት በኩል እንዳለች አይከታተልም መሰለኝ።

አሁን ሻጩ ቢሰማኝ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። "ቦታው ነው ጥፋቱ እንጂ እቃው አይደለም" ይለኛል። እሺ ወንድሜ፣ ታዲያ እዛው ቦታ፣ እዛው ረድፍ ላይ፣ ከፖቶችህ አንድ ክንድ ርቆ የተቀመጠው የእናቴ እንስራ ለምን አልጋለም? አንገቱ የተሰበረ አሮጌ እንስራ ነው፣ ናዕናዕ ተክዬበት ነበር፣ ያን ሁሉ ሙቀት ለምለም ሆኖ ነው ያለፈው። ያን ቀን እሱንም ለክቼዋለሁ፣ 33። በ36 ዲግሪ አየር ውስጥ 33! ለእናቴ ስነግራት ምንም አልገረማትም። "ልጄ፣ እንስራ እኮ ያልበዋል፣ የሚያልበው ነገር አይቃጠልም" አለችኝ። ፍሪጅ ባልነበረበት ጊዜ ውሃ በምን ሲቀዘቅዝ ነበር፣ ሸክላው ውሃውን በገላው እያወጣ፣ ነፋስ እያደረቀው፣ ሲደርቅ ሙቀቱን ይዞት እየሄደ አይደል። ያው ነገር ነው ሥሩንም ያቀዘቀዘው። ያ "ይጠጣብሻል" የተባልኩት ውሃ ለካ ሥራ ላይ ነበር።

ለፍትህ ያህል ሁሉንም በፖቱ አላሳብብም። የቲማቲሙ አበባ የረገፈው ለብቻው ነው፣ ሌሊቱ ከ21 ዲግሪ በላይ እየሆነ ቀኑ ደግሞ ከ32 ሲያልፍ ቲማቲም አበባውን ይጥላል እንጂ ፍሬ አይዝም፣ የድሬ ግንቦትና ሰኔ ደግሞ እንደዛ ነው። ለቲማቲም ከመስከረም በኋላ ነው ጊዜው። ሌላው ውሃችን ነው፣ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ የሚጋግረው ያው ኖራ ፖት ውስጥም ይጠራቀማል፣ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ከሆነባችሁ እሱ ነው፣ ዝናብ ሲመጣ ውጭ አውጥታችሁ በደንብ ይታጠብ። ሸክላም ከውጭ በኩል ነጭ ያወጣል፣ አያስደነግጣችሁ።

ሐምሌ ላይ ለማዳን የሞከርኩትን ልንገራችሁ፣ ጥቁሮቹ ቀድመው ያሏችሁ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። መጀመሪያ ኖራ በጥብጬ ሁለት ጊዜ ቀባኋቸው፣ ዝናቡ አጠበው። ከዛ ነጭ የግድግዳ ቀለም ቀባሁ፣ እሱ ያዘ። በላዩ ላይ አሮጌ የቃጫ ጆንያ ጠቀለልኩና ጆንያውን ጠዋት አረጥበዋለሁ፣ ከስራቸውም ሁለት ሁለት ጡብ አደረግኩ ሲሚንቶው ላይ በቀጥታ እንዳይቀመጡ። እንደገና ስለካ ያ 48 የነበረው ጎን 39 ሆነ። እሱም ለባሚያና ለበሶብላ ሆነ እንጂ ለሎሚ አላምነውም። ግን ቀለሙ፣ ብሩሹ፣ ጆንያው፣ ጉልበቱ ሲደመር እኮ ሌላ ዋጋ ነው፣ ፋብሪካው ከመጀመሪያው ነጭ አድርጎ ቢሰራው ምን ነበረበት? ለደጋ ሰው ጥቁሩ ይጠቅመው ይሆናል፣ ብርድ አለበት። ድሬ ላይ ግን ለምን?

እና ተጸጽቻለሁ፣ በጣም። ፖቶቹ አልተሰበሩም፣ አልተሰነጠቁም፣ ቀለማቸው እንኳን አልለቀቀም፣ 8,000 ብሬ ቆሞ ይታየኛል፣ የሞተው ሎሚው ነው። አራቱን ጥራጥሬ ማስቀመጫ አድርጌያቸዋለሁ። ቀፊራ ገበያ ወርጄ አምስት የሸክላ ማሰሮ ገዛሁ፣ አንዱ ባጃጅ ላይ ተሰበረ፣ እሺ ይሰበር። ከታቹ በጥንቃቄ በምስማር እየፈለፈልኩ በሳሁት፣ ከመብሳቴ በፊት አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ አሳደርኩት፣ ካልሆነ ይሰነጠቃል። ሸክላ ውሃ ይፈልጋል፣ አልዋሽም፣ በሙቀት ጊዜ ጠዋትና ማታ ነው፣ ግን ያን ጊዜ በቀን ሦስቴ ካፈሰስኩት ያነሰ ነው የምጠቀመው።

እናቴ ሁለተኛ ችግኝ ሰጥታኛለች፣ ከዛው ዛፍ። ስለመጀመሪያው አንድ ቃል አልተናገረችኝም፣ ማሰሮውን ግን መጥታ ራሷ ነው በጣቷ አንኳኩታ የመረጠችልኝ። መስከረም ላይ ተከልነው፣ አሁን አራት አዲስ ቅጠል አውጥቷል።

ባለፈው ሳምንት በዛ ሱቅ በኩል ሳልፍ ጥቁሮቹ በረንዳው ላይ እንደ ድሮው ተደርድረዋል፣ አንዲት ልጅ ስድስት መርጣ ዋጋ እየተከራከረች ነው። ማለፍ አቃተኝ። "እህቴ፣ የት በኩል ነው የምታስቀምጫቸው?" አልኳት። "ሰገነት ላይ" አለችኝ። ሰገነት ላይ፣ ጥላ የሌለበት! እጇን ይዤ በረንዳው ላይ ፀሐይ የመታውን ፖት አስነካኋት፣ ወዲያው መለሰችው። ሻጩ "እትዬ ገበያዬን አትዝጊብኝ" አለኝ፣ በትህትና ነው ያለው፣ እኔም በትህትና ነጭ እንዲያመጣ ነገርኩት። "ነጭ የሚጠይቅ የለም እኮ" አለኝ። ልጅቷ ቦርሳዋን ዘጋችና "እኔ እየጠየቅኩህ ነው" አለችው።